ደሙ ከምን መጣ? ከመርገም ጎጆ እስከ ዳባት መዝገብ

በወገራና በስሜን ተራሮች ግርጌ የነበሩት የቤተ እስራኤል መንደሮች ከዳር አንዲት ትንሽ ጎጆ ነበረቻቸው። ዙሪያዋ በድንጋይ ድርድር ታጥራለች። የወር አበባ የመጣባት ሴት ድንጋዩን ተሻግራ ትገባለች፤ ምግቧን ከአጥሩ ወዲህ ያኖሩላታል፤ የምትበላበት ዕቃም ለብቻው ነው። ሰባት ቀን ትቆጥርና በሰባተኛው ማምሻ ገላዋንና ልብሷን ታጥባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የመርገም ጎጆ ይሏታል።

በ1860 አካባቢውን የጎበኘውን ሚስዮናዊ ሄንሪ ስተርንን ጨምሮ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ተጓዦች ስለዚህች ጎጆ ጽፈዋል። ዓይናቸውን የሳበው መገለሉ ነበር። መገለሉ እውነት ነው፤ በታኅሣሥ ሌሊት በዚያ ብርድ በዚያች ጎጆ ማደር ምን እንደሆነ ለወገራ ሰው አይነገረውም። ጎጆዋ ግን ሳታስበው ሌላም ሥራ ትሠራ ነበር። ሰባተኛው ቀን አልፎ ያልወጣች ሴት ካለች መንደሩ ያውቃል። በወር ሁለቴ የገባችም ትታወቃለች፤ ሦስት ወር ሙሉ ብቅ ያላለችም እንዲሁ። የሥርዓቱ መሠረት ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15 ነው፤ እዚያ በወቅቱ የሚመጣው ደምና ከወቅቱ ውጭ ብዙ ቀን የሚፈሰው ደም ለየብቻ ሕግ ተሠርቶላቸዋል። ዛሬም ሐኪም ያልተለመደ የማህፀን ደም መፍሰስን ከተለመደው ለመለየት የሚነሣው ከዚያው ቆጠራ ነው፦ ስንት ቀን ቆየ፣ በየስንት ቀኑ ይመጣል፣ በመካከልስ ይታያል ወይ?

ቆጠራው የደሙን መብዛት ይናገራል። ከምን እንደመጣ ግን አይናገርም።

እስከ 1935፦ ክታብና ዛር

ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጎጆ አልነበራቸውም፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ግን ነበራቸው። ወር ላይ ያለች ሴት ወደ ውስጥ አትዘልቅም፣ ከውጭ ቆማ ትሳለማለች፤ ወንድ የወለደች 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ትጠብቃለች። ቋንቋውም ሁለት ልብ ነው። በአንድ አፍ "አበባ" ይለዋል፣ በሌላው "አደፍ" እና "መርገም"። እንዲህ ባለ ስም ለሚጠራ ነገር፣ ደሟ የበዛባት ሴት ለማን አቤት ትበል?

መጀመሪያ ለእናቷ ወይም ለልምድ አዋላጇ። ከዚያ ፀበል። ካልቆመ ደብተራ። ደብተራው የክርስትና ስሟን ይጠይቅና ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ሚካኤል ብሎ በብራናው ላይ ያሰፍረዋል። ክታቡ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እንዲጠብቃት ብዙ ጊዜ ቁመቷን ያህል ይረዝማል። ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ ውርዝልያን በጦር ሲወጋ ይሣልበታል፤ ውርዝልያ ፅንስና ሕፃን የምትቀጥፍ መንፈስ ናት። ዛሬ በውጭ አገር ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ከተበተኑት የኢትዮጵያ ክታቦች ብዙዎቹ ለሴቶች የተጻፉ ናቸው፤ የማህፀን ደም እንዲቆም፣ ፅንሱም እንዲጸና የሚማጸን ጸሎት በተደጋጋሚ ይገኝባቸዋል።

የደብተራው ጥያቄ "ማን ላከው?" ነበር። መልሱ ውርዝልያ ሊሆን ይችላል፣ ዓይነ ጥላ ወይም ሾተላይ። የሾተላይ ነገር እንግዳ ነው። ፅንስ በሆዷ እየሞተ የሚቀርባትን ሴት የሚያሳድደው ይህ መንፈስ ስሙን እንደያዘ ሥራውን ቀየረ። በ1940 አርኤች የተባለው የደም ፋክተር ለሕክምናው ዓለም ከታወቀ በኋላ የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣም ለምን ሕፃናትን እንደሚገድል ተደረሰበት፤ እኛም ጋ ቃሉ ወደ ሆስፒታል ገባ። ዛሬ የእርግዝና ክትትል ላይ ያለች ሴት "ሾተላይ አለብሽ፣ መርፌ ትወጊያለሽ" ትባላለች፤ ሐኪሙም እሷም ስለ ደም ዓይነት እየተነጋገሩ መሆናቸውን ያውቃሉ።

በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ ተልዕኮ ጎንደር ለወራት ሰፈረ። የተልዕኮው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ቀኑን የሚያሳልፈው መልካም አያሁ በተባለች ዝነኛ ባለ ዛር ቤት ነበር። እዚያ ቤት የታመመች ሴት ዛሯ በራሷ አፍ ስሙን እስኪናገር ትጠየቃለች፤ ስሙ ሲታወቅ የሚፈልገው የበግ ቀለም፣ ሽቶና ጌጥም ይታወቃል። መሳቅ ይቀላል። ነገር ግን ቡና እየተፈላ፣ ሌሎች ሴቶች ባሉበት፣ አንዲት ሴት ስለ ገላዋ ረጅም ጊዜ የምትጠየቅበትና የምትሰማበት ቦታ በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም። በየካርድ ክፍሉ ተሰልፎ ለሁለት ደቂቃ ሐኪም ፊት የቀረበ ሰው ይህን አይንቀውም። የዛር ቤት ጉድለቱ ሌላ ነው፤ በማህፀን ግድግዳ ላይ ያደገን እጢ የትኛውም ዛር ስሙን አይናገርለትም።

1936–1953፦ ቃሬዛና ካሚዮን

ጣሊያን ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ገደል የሚወርደውን መንገድ የቀደደው ለጦሩ ነው። በ1941 ወልቀፊት ላይ ተሸንፎ ሲሄድ መንገዱ ቀረ። ከዚያ በፊት ደም የሚፈስሳት ሴት በቃሬዛ ትወሰድ ነበር፤ ከዳባት ጎንደር ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነው። አሁን ካሚዮን ከተገኘ በአንድ ቀን ይደረሳል። ይህ መንገድ ባይኖር ኖሮ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ከጎንደር ከተማ በር አይወጣም ነበር።

መንገድና ሐኪም ያላጡም ቢሆኑ አልዳኑም። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ላይ ነርስነት ተምራ ነበር። አገር በተመለሰች በጥቂት ጊዜ፣ በ1942፣ ነቀምት ላይ በእርግዝና ምክንያት በደረሰባት ችግር ሞተች። በስሟ የተሠራው የአዲስ አበባ ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ።

1954–1978፦ "መጨረሻ ያየሽው መቼ ነበር?"

በ1953 በደምቢያ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ የቆሙለት ነበር። ሐሳቡ ሐኪም እስኪደርስ አለመጠበቅ ነው። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ፤ አንዱ ጣቢያ ለ50,000 ሰው ይሆናል ተብሎ ነበር የታቀደው። በዚያው 1954 ጄኔቫ ላይ የዓለም የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን፣ በአጭር ስሙ ፊጎ፣ ተመሠረተ። ሁለቱ የሚገናኙት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

ከጎንደር የወጡት ባለሙያዎች ይዘውት የመጡት አዲስ ነገር መሣሪያ አልነበረም፤ የጥያቄ ቅደም ተከተል ነበር። የመጀመሪያው፦ የወር አበባሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው? ከውጭ የመጣ ሰው የቀን መቁጠሪያ የሌላት ሴት ይህን አትመልስም ብሎ ሊያስብ ይችላል። በእኛ አገር ግን ወሩ ሠላሳ ቀን ነው፣ ቀኑም ሁሉ ባለቤት አለው። 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 ባለ ወልድ። "ለማርያም ሦስት ቀን ሲቀረው መጣብኝ፣ በመድኃኔዓለም ማግስት ቆመ" ያለች ሴት ከ18 እስከ 28 ብላለች፤ አሥር ቀን አልፏል ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረች ገበሬ ከብዙ የተማሩ ሴቶች ይበልጥ በትክክል የምትመልስበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ጠያቂው በዓላቱን የሚያውቅ ከሆነ።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ደም ሲፈስሳት መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርግዝና ነው፦ ውርጃ፣ ከማህፀን ውጭ የተፀነሰ ፅንስ፣ የእንግዴ ልጅ ቅሪት። ውርጃ ግን በ1957 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተቆልፎ ነበር። በድብቅ ያስወረደች ሴት "ከባድ እንስራ አነሣሁ" ወይም "ወደቅሁ" ትላለች እንጂ እውነቱን አታወጣም፤ ከእውነቱ ጋር ፖሊስና ዘመድ ይመጣሉ። በዚህ ላይ ያለ ዕድሜ ጋብቻ አለ። ገና የወር አበባ ያላዩ ልጆች ይዳሩበት በነበረው በጎንደር ገጠር፣ የአንዳንዷ "ደም" የወር አበባም ውርጃም አልነበረም፤ የሠርጉ ማግስት ጉዳት ነበር። ይህን የሚያስጠይቅ ቅጽ አልነበረም። ሕጉ የላላው የተሻሻለው የወንጀል ሕግ በ2005 ሥራ ላይ ሲውል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚሰጠው መልስ በከፊል እየተለወጠ መጥቷል።

በ1978 ከላይፕሲግ፣ ያኔ ካርል ማርክስ ይባል ከነበረው ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ጎንደር የሕክምና ፋኩልቲ ከፈተ። ሐኪም በዚያው መሠልጠን ጀመረ።

1958–1990፦ አንድ ሲኒ

በዚህ መሀል የሩቁ ዓለም ምን ላይ ነበር? ከ1843 ጀምሮ የፈረንሳዩ ሬካሚዬ የፈጠረው ኪዩሬት፣ ማህፀንን የሚጠርገው ማንኪያ መሰል ብረት፣ ምርመራም ሕክምናም ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ ነግሦ ነበር። ደሙ በዛ? ይጠረግ። የወጣው በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ምንም አይገኝበትም፤ ያኔ "ማህፀኑ ሥራው ተዛብቶ ነው" ይባልና ፋይሉ ይዘጋል። ይህ ስያሜ ለአሥርት ዓመታት የማናውቀው ሁሉ የሚጣልበት ጎተራ ሆኖ ኖረ። በ1958 የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ በአልትራሳውንድ የሆድ እጢ ማየት እንደሚቻል አሳተመ። ከዚያ በኋላ ማዮማ የተባለው የማህፀን እጢ ያለ ቢላዋ ይታይ ጀመር።

በ1966 ደግሞ ጎተንበርግ፣ ስዊድን፣ ሌይፍ ሃልበርግና ባልደረቦቹ ለብዙዎች የሚቀፍ ሥራ ሠሩ። የ476 ሴቶችን የወር አበባ ጨርቅና ፓድ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ደም በኬሚካል ለኩ። በአንድ ወር ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ የምታፈስ ሴት የብረት እጥረት እንደሚያገኛት አሳዩ። 80 ሚሊ ሊትር አንድ ሲኒ ቡና ያህላል። ከብዙ ዘመናት የቀን ቆጠራ በኋላ ደሙ በልክ ወሰን ተበጀለት። ከጥናቱ ይበልጥ የሚገርመው ግን ሌላ ነው፦ ከወሰኑ በላይ ከሚፈስሳቸው ብዙዎቹ "የኔ ደህና ነው" የሚሉ ነበሩ። እናቷም እህቷም እንደዚያው የሚፈስሳቸው ሴት በምን ታወዳድረው?

በ1990 ሃይም የተባለች ሐኪምና ባልደረቦቿ ላቦራቶሪውን በሥዕል ተኩት። ሴቲቱ ትንሽ የነካው፣ መሀል ላይ የደረሰና የራሰ ፓድ በተሣለበት ወረቀት ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ ድምሩ ከ100 ካለፈ ከባድ ነው። ብልህ ዘዴ ነበር። ፓድ ለሌላት ግን አይሠራም። በዚያ ዓመት በስሜን ግርጌ ሴቶች የሚጠቀሙት ያረጀ ቀሚስ ቁራጭ ነበር፤ ጨርቁ ደግሞ ታጥቦ ይመለሳል። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ታጥቦ የሚለበስ ፓድ የሚያመርት ፋብሪካ የከፈተችው በ2009 ነው፤ በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሲሸልማት ብዙ ኢትዮጵያዊ ወንድ ስለ ወር አበባ በአደባባይ ሲወራ የሰማው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

1984–2006፦ ባዶ ጎጆና አዲስ መዝገብ

በተለይ ከ1984 ጀምሮ የስሜንና የወገራ ቤተ እስራኤል በሱዳን በረሃ፣ በኋላም በ1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። የድንጋይ ክቦቹ ባዶ ቀሩ።

ሌላ ቆጠራ የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1996 ያኔ ኮሌጅ የነበረው የጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት ዳባት ላይ የጤናና ሥነ ሕዝብ ክትትል ጀመረ። የተመረጡት ቀበሌዎች ቤት በቤት ተመዘገቡ፤ ከዚያ በኋላ ማን ተወለደ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን ሞተ በየጊዜው ይጠየቃል። አብዛኛው ሰው በቤቱ የሚሞትበት፣ ሐኪም የሞት ምክንያት የማይጽፍበት አገር ነው። ስለዚህ ሐዘኑ ሲበርድ መረጃ ሰብሳቢ ይመጣና የሟችን ቤተሰብ ይጠይቃል። ቨርባል ኦቶፕሲ ይሉታል፤ በእኛ አባባል የሞት ምክንያት የቃል ምርመራ መሆኑ ነው። ለሴት ሟች የተለየ ክፍል አለው፦ ነፍሰ ጡር ነበረች? በወር አበባዎች መካከል ደም ነበራት? የወር አበባ ካቋረጠች በኋላስ ደም ታይቷል?

ምላሹን አንብቦ ምክንያት መገመት መጀመሪያ የሐኪሞች ሥራ ነበር። ሁለት ሐኪሞች ያነቡታል፣ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጨመራል። እንግሊዛዊው ፒተር ባያስ ይህን ወደ ስሌት ለወጠው፤ ኢንተርቪኤ የተባለው ሞዴሉ እያንዳንዱ ምልክት ለእያንዳንዱ ምክንያት የሚሰጠውን ዕድል ያሰላል። ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተመሳሳይ ክትትል የነበረባት ቡታጅራ ናት፤ መስጋናው ፋንታሁንና ባልደረቦቹ ውጤቱን በ2006 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አሳተሙ። የስሌቱ አባት በ1761 የሞተው እንግሊዛዊ ቄስ ቶማስ ቤይዝ ነው፤ እሱ በሕይወት ሳለ ጎንደር ላይ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን አሠርተው ይኖሩ ነበር። ደብተራው በሱስንዮስ ሥዕል ሲሟገት የነበረውን ምክንያት የማወቅ ጥያቄ፣ የሌላ አገር ቄስ በሒሳብ ይዞት ነበር ማለት ነው።

በስሌቱ ውስጥ "ወር አበባ ካቋረጠች በኋላ ደም" የሚለው ምልክት ሚዛኑ ከባድ ነው። በሌሎች አገሮች በተሠሩ ጥናቶች ድምር፣ እንዲህ ካጋጠማቸው ሴቶች ከ100 ወደ 9 የሚሆኑት የማህፀን ሽፋን ካንሰር አለባቸው። ችግሩ፣ በዳባት ምርመራው የሚጠይቀው ስለ ሞተችው ነው።

2002፦ የአምባራስ ደም

ደም መፍሰስን ለመለካት ሌላ መንገድ አለ፤ የቀረውን መለካት። ሄሞግሎቢኗ በዴሲ ሊትር ከ12 ግራም በታች የሆነች ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ደም ማነስ አለባት ይባላል። ከፍታ ላይ ግን አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል ተብሎ ስለሚታሰብ የዓለም ጤና ድርጅት የቆየ ሠንጠረዥ ከተለካው ላይ ይቀንስ ነበር፦ በ2,500 ሜትር 1.3፣ በ3,500 ሜትር 2.7።

በ2002 አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ይህን ሠንጠረዥ ስሜን ላይ ጥያቄ ውስጥ ከተተው። አምባራስ፣ በስሜን ተራሮች ፓርክ ክልል 3,530 ሜትር ላይ፣ 236 ሰዎችን ለኩ። የሴቶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.0፣ የወንዶቹ 15.9 ሆነ፤ በባሕር ጠለል ካለ ሰው ብዙ አይለይም። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም 95.3 በመቶ ነበር። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸው ይወፍራል፤ የስሜን ሰው በሌላ መንገድ ይኖራል።

ለደም መፍሰስ ይህ ምን ያደርጋል? ዳባት ላይ 13 የተለካላት ሴት በሠንጠረዡ 11.7 ትሆንና "ደም ማነስ" ተብሎ ይጻፍላታል። አምባራስ ላይ 14.5 ያላት ደግሞ 11.8። ሐኪሙ የሌለ ደም መፍሰስ ይፈልጋል ወይም ብረት ያዝዛል። ብሔራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሴቶችን ደም ማነስ በ2005 ከመቶ 27፣ በ2011 ከመቶ 17፣ በ2016 ከመቶ 24 ሲል ከፍታው ተቀንሶ ነው። አገራዊው ቁጥር ስህተት ነው ማለት አይደለም፤ የደጋ ሴት አንድ ውጤት ግን ከቁጥሩ በፊት የራሷን ቃል ይፈልጋል።

2003–2009፦ የሦስት ወር መርፌ

በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ በመንግሥት ደመወዝ። ቁጥራቸው በጥቂት ዓመት ከ30,000 አለፈ። በጤና ኬላው ካቢኔ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የመንደሩን ደም የለወጠው አንዱ ነው፤ የሦስት ወር መርፌ።

በ2000 በኢትዮጵያ ካገቡ ሴቶች የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ 8 ነበሩ። በ2016 ወደ 36 ደረሱ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ መርፌ ይወጋሉ። ከ2009 ጀምሮ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ኢምፕላኖንም ኤክስቴንሽኗ እንድታስገባ ተፈቀደ። መርፌው በመጀመሪያዎቹ ወራት ደምን ያዛባል፤ ጠብ ጠብ ይላል፣ ይቆማል፣ ሳይጠበቅ ይመጣል። ከዓመት በኋላ ግማሽ ያህሎቹ ጨርሶ አያዩም። እዚህ ላይ የጥንቱ ጥያቄ ተገለበጠ። "ደሙ ከምን መጣ?" ትል የነበረችው ሴት አሁን "ደሙ የት ሄደ?" ትላለች፤ በሆዴ ተከማችቶ ያሳብደኛል፣ ዓይኔን ያጠፋኛል ብላ ትፈራለች። ብዙ ሴቶች መርፌውን የሚያቋርጡት በዚህ ነው። ባሏ ሳያውቅ የምትወጋም አለች፤ ጠብ ጠብ የሚለው ደም ምስጢሯን ያወጣባታል። እንዲህ ያለችው ሴት ጎንደር ሪፈር ተጽፎላት አልትራሳውንድ ብትነሣ ማህፀኗ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ምክንያቱን የሚያገኘው "መርፌ ትወጊያለሽ?" የሚል አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱም ባሏ በሌለበት ሲጠየቅ።

2005–2011፦ መዳፍና ሳንቲም

በሐኪሞቹ ዓለም የስያሜው ጎተራ እስከዚህ ድረስ እንደሞላ ነበር። አንዱ አገር ሜኖራጂያ የሚለውን ሌላው በሌላ ትርጉም ይጠቀምበታል፤ ጥናቶች አይነጻጸሩም። በ2005 ዋሽንግተን ላይ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የላቲንና የግሪክ ስሞቹ እንዲጣሉ ተስማሙ። በ2007 የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ 80 ሚሊ ሊትሩን ወደ ጎን አድርጎ ከባድ የወር አበባ ማለት የሴቲቱን ኑሮ የሚያውክ ነው አለ። በጨርቅ ኬሚስትሪ የተጀመረው ልኬት ወደ ሴቲቱ አፍ ተመለሰ።

በ2011 ፊጎ የማልኮም መንሮን፣ የሂላሪ ክሪችሊንና የባልደረቦቻቸውን ሠንጠረዥ አጸደቀ። ፓልም ኮይን ይባላል፤ በእንግሊዝኛው የምክንያቶቹ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ መዳፍና ሳንቲም የሚሉ ቃላት ይመስላሉ። መዳፉ በዓይን ወይም በምስል የሚታዩትን አራት ይይዛል፦ ፖሊፕ፣ የማህፀን ሽፋን ወደ ጡንቻው ሲሰርግ የሚመጣው አዴኖማዮሲስ፣ ማዮማ እና ካንሰር። ሳንቲሙ አምስት ነው፦ የደም አለመርጋት፣ ዕንቁላል በወቅቱ አለመውጣት፣ የሽፋኑ የራሱ ችግር፣ ከመድኃኒት ወይም ከሉፕና ከመርፌ የመጣ፣ እና ገና ያልተመደበ። ከዘጠኙ ብዙዎቹን አልትራሳውንድ አያሳይም። አልትራሳውንድ በሌለበት ጤና ጣቢያ ለምትሠራ አዋላጅ ይህ መልካም ዜና ነው።

የደም አለመርጋትን እንውሰድ። በ1926 ፊንላንዳዊው ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ ከኦላንድ ደሴቶች ደሙ ስለማይረጋለት አንድ ቤተሰብ ጻፈ። መጀመሪያ በአምስት ዓመቷ ያያት ልጅ በ13 ዓመቷ፣ በአራተኛ የወር አበባዋ ደሟ አልቆም ብሎ ሞታለች። ኋላ የተሰበሰቡ ጥናቶች እንደሚሉት ከባድ የወር አበባ ካላቸው ሴቶች ከመቶ 13 የሚሆኑት በሐኪሙ ስም የሚጠራው ይህ ሕመም አለባቸው። በውጭ አገር መጠይቅ ላይ "ጥርስ ስትነቀዪ ደሙ አልቆም ብሎ ያውቃል?" የሚል አለ። ወገራ ላይ የሚሻለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ እንጥሏ በሕፃንነቷ ሲቆረጥ ምን ያህል እንደደማች እናቷ አትረሳም።

2018 ወዲህ፦ ኮምጣጤና ክትባት

ያልተለመደ የማህፀን ደም ከሚያመጡት ካንሰሮች በኢትዮጵያ ዋናው ገዳይ የማህፀን በር ካንሰር ነው። በ2020 የዓለም አቀፉ ግምት በዓመት ወደ 7,400 አዲስ ታማሚዎችና 5,300 ያህል ሟቾች ነበሩ። ከቀደምት ምልክቶቹ አንዱ ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም ነው፤ ሴት ለነርስ ቀርቶ ለእህቷ የማትናገረው። ዘግይታ ስትመጣ ደግሞ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከደባርቅ አዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በጤና ጣቢያ የሚደረገው የኮምጣጤ ምርመራ ይህን ጉዞ ለማስቀረት የመጣ ነው። ከ30 እስከ 49 ዕድሜ ያለች ሴት የማህፀን በር በአሴቲክ አሲድ ይቀባል፤ የታመመው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል።

በ2021 የትግራዩ ጦርነት ዳባት ወረዳ ደረሰ። በወረዳው ጭና በተባለ ቦታ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ደባርቅ በተፈናቃዮች ተሞላች። ጦርነቱ ያልፋል ሲባል ደግሞ በትግራይ ካሉት የማይ አይኒና የአዲ ሐሩሽ ካምፖች የተዛወሩ ኤርትራውያን ስደተኞች በዳባት አቅራቢያ አለምዋጭ ላይ ሰፈሩ፤ ከ2023 ጀምሮም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ቀጠለ። መንገድ ሲዘጋ ሦስት ወሩ የደረሰው መርፌ ቀኑ ያልፋል፤ የተዛባ ደምም ያልታሰበ እርግዝናም ይመጣል። ሴቲቱ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ሁለቱን የሚለየው የሽንት ምርመራ ከሌለ፣ የቀረው ከማርያም ወይስ ከሚካኤል ብሎ ቀን መቁጠር ነው።

የማህፀን በር ካንሰር ክትባት በታኅሣሥ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ። በኅዳር 2024 ዕድሜው ከ9 እስከ 14 ሰፋና ሁለት ዶዝ የነበረው አንድ ሆነ፤ የታቀደው ከሰባት ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ልጆች ነበር። ያኔ በዘጠኝ ዓመቷ የተከተበች ልጅ አርባ ዓመት የሚሞላት በ2055 ነው። የኮምጣጤው ምርመራ የሚፈልጋት ግን ዛሬ ነው፤ እሷን ሳይሆን፣ እጇን ይዛ ወደ ክትባቱ የወሰደቻትን እናቷን።